ፊደል ያልታተመበት ቁልፍ

እ.ኤ.አ. በ2005 ዳስ ኪቦርድ የተባለ፣ በቁልፎቹ ላይ አንድም ፊደል ያልታተመበት የኮምፒውተር ሰሌዳ ለገበያ ቀረበ። ሐሳቡ ዐይን የሚያየው ሲያጣ ጣት ቦታውን ይለምዳል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ውድ ሰሌዳ ለተማሪ ይገባልን?

በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ ጥያቄው የተለየ መልክ አለው። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ የሚፈልጋቸው ፊደላት በተራው ሰሌዳ ላይ ሁሉም አሉ፤ እንዲያውም ፒ፣ ቪ እና ዜድ ይተርፋሉ። አማርኛ ስንጽፍ ግን በዚያው ሰሌዳ ላይ «ኤል»ን፣ ቀጥሎም «ዩ»ን ነክተን «ሉ»ን እናወጣለን። ከ200 የሚበልጡት ሆሄያቶቻችን አልታተሙበትም። በመሆኑም ባዶ ሰሌዳ ለአማርኛ ጸሐፊ እንግዳ አይደለም።

የውድ ሰሌዳ እውነተኛ ብልጫ ከፊደሉ ሳይሆን ከውስጡ ነው። በርካሹ ውስጥ ላስቲክ ስስ ሽፋንን ተጭኖ ኤሌክትሪክን ያገናኛል፤ በውዱ ሜካኒካል ሰሌዳ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላ ያለው ማብሪያ አለው። የቼሪ ኩባንያ ማብሪያዎች ቢያንስ 50 ሚሊዮን ጊዜ እንዲጫኑ ተደርገው ይሠራሉ። ይሁን እንጂ አንዱን ቁልፍ በየቀኑ 1,000 ጊዜ ብንጫነው እንኳ ይህን ለመሙላት ከ130 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሚተይብ ባለሙያ፣ ለጣቱ ምቾት ሲል ውዱ ይገባዋል እንላለን። ተማሪ ግን ተራውን ገዝቶ እጁን በጨርቅ ሸፍኖ ይለማመድ። በኤፍና በጄ ቁልፎች ላይ ያሉት ጉብታዎች ጣቱን ይመሩታል። ፍጥነት የሚገኘው በልምምድ እንጂ በዋጋ አይደለም።