የትራክተሩ ስም ማን ነው?

በቀደም መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ፣ አንድ ተማሪዬ የአሮጌ ትራክተር ፎቶግራፍ አሳይቶኝ፣ «መምህር፣ ይህ የደርግ ዘመን አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ። መልኩን ብቻ አይቼ «አዎን» ልል ስል ተገታሁ።

በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻዎች ከታወቁት ትራክተሮች አንዱ የሚንስኩ «ቤላሩስ» ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ በተቋቋመው ፋብሪካ እዚሁ አገራችን ውስጥ ይገጣጠም ነበር።

ታዲያ በምን እንለየው? «ቤላሩስ 80» መሠራት የጀመረው በ1974 ሲሆን፣ ተከታዩ እስከ ዛሬ ከፋብሪካ ይወጣል፤ ስለዚህ ቅርጹ ዕድሜውን አይመሰክርም። ቀለሙማ በአንድ ቀን ይለወጣል። ይልቅስ የፊት እግሩን ተመልከቱ፤ የፊት ጎማዎቹን ሞተሩ የማያሽከረክራቸው እንደ ሆነ 80፣ የሚያሽከረክራቸው እንደ ሆነ 82 ነው። ዓመቱን የምታገኙት ግን ከፋብሪካው ሰሌዳ ላይ ነው።

እናንተ የንብረት መዝገብ ይዛችሁ የምትቆጥሩ ወጣቶች፣ «ትራክተር፣ ቀይ፣ አሮጌ» ብላችሁ አትለፉ። ለ82 የ80ውን የፊት አክሰል ያዘዘ ሰው ገንዘቡንም የእርሻውንም ወራት ያጣል። ስሙ በትክክል ያልተጻፈ ትራክተር መለዋወጫ አያገኝም፤ መለዋወጫ ያጣ ትራክተር ደግሞ ቁርጥራጭ ብረት ነው።