ሙያ በልብ ወይስ በስልክ?

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ሲሉ ለባለሙያው የሰጡት ምክር፥ ዝም ብለህ ሥራ፤ ሥራህ ራሱ ይናገርልሃል የሚል ነበር። ዛሬ አንዲት የ20 ዓመት ወጣት በአዲስ አበባ የጠጉር ሥራ ልጀምር ብላ ብትነሣ ግን መጀመሪያ የምትጠየቀው «ገጽሽ የት ነው? ሥራሽን በምን እንየው?» ተብላ ነው። ማበጠሪያና መቀስ ከመግዛቷ በፊት ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ መግዛት ሊኖርባት ነው። ባለፈው ወር 22 ማዞሪያ አካባቢ ባለች አንዲት ጠጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ የታዘብኩት ነገር የሚያስቅም የሚያሳስብም ሆኖ ስላገኘሁት ለዛሬው እሑድ ርእስ አደረግሁት።

ቤቲቱ ትንሽ ናት፤ ሦስት ወንበር፥ ሁለት ካስክና አንድ ሰፊ መስተዋት አላት። ከመስተዋቱ አጠገብ ቀለበት የመሰለ ነጭ መብራት በሦስት እግሩ ቆሟል። ሥራ ከጀመረች ገና ስምንት ወሯ የሆነ አንዲት ልጅ ሹሩባ ስትሠራ ቆይታ የመጨረሻዋን ጉንጉን እንደ ቋጠረች፥ ደንበኛዋን «እህቴ፥ አንዴ ወደ ብርሃኑ ዞር በይልኝ» አለቻትና ስልኳን አወጣች። ሹሩባው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጅቷል። ቪዲዮውን ለማንሣት፥ ለመቆራረጥና ዘፈን ጨምሮ ለመልቀቅ ደግሞ አርባ ደቂቃ ያህል ሄደ። ልጅቱ «እትዬ» የምትላቸው የቤቱ ባለቤት ከወዲያ ሆነው «ሰው እየጠበቀ እኮ ነው!» ብለው ተቆጡ። እርሷም ቀና ሳትል «እትዬ፥ የምትጠብቀዋንም ያመጣት ቪዲዮው ነው» ብላ መለሰች። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የዛሬው የጠጉር ሠሪ ጣጣ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያለ መሰለኝ።

የጠጉር ሥራ ባገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። ሹሩባው፥ ጋሜው፥ ቁንጮው፥ ጎፈሬው ዕድሜን፥ አገርንና ማዕረግን ሲናገር የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ጥበቡ ሲኖር ጥበበኛዋ ስም አልነበራትም። እናት ለልጇ፥ ጎረቤት ለጎረቤቷ በደጃፍ ተቀምጠው ይሠሩት ስለ ነበረ፥ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከቡናና ከምርቃት አያልፍም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን ባሰብን ቁጥር ሹሩባቸው ይታየናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ከመቅደላ የተወሰደውን ጠጉራቸውን የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በ2019 ለኢትዮጵያ ሲመልስ ዜናው ባራቱም ማዕዘን ተሰምቷል። ያን ሹሩባ የጎነጎነው እጅ የማን እንደ ነበረ ግን እኔ በተማርኩባቸው የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አላነበብኩም።

እንግዲህ ስልክ ለጠጉር ሠሪዋ ያመጣላት የመጀመሪያው ነገር ስም ነው። ይህን በጎነቱን አለማመስገን ንፉግነት ይሆናል። ቀድሞ በራሷ ለመቆም የፈለገች ልጅ ከዋና መንገድ ዳር ቤት መከራየት፥ የብዙ ወር ኪራይ አስቀድሞ መክፈል፥ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማሠራት ነበረባት። ይህን ያህል ገንዘብ ያላት ደግሞ መጀመሪያውንም ጠጉር ሠሪ ልሁን አትልም። አሁን ግን ቲክቶክን የመሰለው መድረክ ቪዲዮውን የሚያሠራጨው በተከታይ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሰው እስከ መጨረሻው ማየቱንና አለማየቱን ይመዝናል። ስለዚህ ትናንት ገጽ የከፈተች ልጅ የሠራችው አንድ መልካም ሹሩባ ከማያውቋት ሺህ ሰዎች ዓይን ሊደርስ ይችላል። ቀጠሮውን በቴሌግራም ትይዛለች፤ ቀብዱን ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ትቀበላለች፤ ዕቃዋን በቦርሳ ይዛ እሙሽራዪቱ ቤት ድረስ ትሄዳለች። አባት «ዲግሪ ይዘሽ ጠጉር ልትሠሪ?» ብለው ማዘናቸው እንደ ሆነ ገና አልቀረም። የልጃቸውን ስም ጎረቤት በመልካም ሲያነሣው ሲሰሙ ግን ቁጣው እየለዘበ ሲሄድ አይቻለሁ።

ታዲያ የሚያሳስበው ምኑ ላይ ነው? ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ነገሩን ለማስረዳት አንድ የውጭ አገር ምሳሌ ልጥቀስ። ቪዳል ሳሱን የተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ ጠጉር ሠሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ተወልዶ፥ ከልጅነት ዘመኑ የተወሰነውን በእጓለ ማውታ ቤት ያሳለፈ ድኻ ነበር። በ1942፥ በ14 ዓመቱ፥ በምሥራቅ ለንደን ከአንድ ጠጉር አስተካካይ ዘንድ ለሙያ ገባ። የራሱን ቤት በቦንድ ስትሪት የከፈተው በ1954 ነው። ናንሲ ኩዋን የምትባለውን ተዋናይት ጠጉር አሳጥሮ የቆረጠበትና ፎቶግራፉ ቮግ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ዓለም ያደነቀው ደግሞ በ1963 ነው። ሳሱንም እንደ ዛሬዎቹ ልጆች የታወቀው በፎቶግራፍ ነው። ልዩነቱ ፎቶግራፉ የመጣው እጁ ከተፍታታ በኋላ፥ ማጠብና መጥረግ ከጀመረ 21 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው። የኛይቱ ልጅ ግን በስምንተኛው ወሯ ታውቃለች። ስሟ እጇን ቀድሞ ሄደ፤ አሁን እጇ ሮጦ ሊደርስበት ይገባል።

ሥዕል ብዙ ነገር ያሳያል፤ ጊዜን ግን አያሳይም። ለምሳሌ ሪላክሰር የሚባለውን ጠጉር ማለስለሻ እንመልከት። ከዓይነቶቹ አንዱ የሚሠራው ሳሙና ሠሪዎች ኮስቲክ ሶዳ በሚሉት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ይህ ነገር የጠጉሩን የውስጥ ማሰሪያ በጥቂት ደቂቃዎች ይፈታዋል፤ ደቂቃው ካለፈ ግን ጠጉሩንም ቆዳውንም አይምርም። ስለዚህ ዐዋቂዋ መጀመሪያ በጥቂት ቦታ ትሞክራለች፤ የግንባሩንና የጆሮውን ዳር ቅባት ትቀባለች፤ ሰዓቷን ትመለከታለች፤ በመጨረሻም ኃይሉን በሚሰብር ሻምፑ ደጋግማ ታጥበዋለች። በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ይህ ሁሉ ተቆርጦ ይወጣል። ተመልካቹ የሚያየው ሻካራውን ራስ፥ ቀጥሎም እንደ ሐር የሚወርደውን ጠጉር ነው። ከዚህ ቪዲዮ የምትማር ጀማሪ ትምህርቱን ሳይሆን ውጤቱን ብቻ ነው የምትማረው።

ጉዳዩ ከመቃጠልም ሊያልፍ ይችላል። በአሜሪካ 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል የተከታተለና በአውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 2022 የታተመ ጥናት አለ። ጥናቱ እንዳመለከተው ጠጉር ማቅኛ ኬሚካል ፈጽሞ ከማይጠቀሙት ሴቶች ውስጥ 70 ዓመት እስኪሞላቸው የማሕፀን ካንሰር ይይዛቸዋል ተብሎ የተገመተው ከመቶ 1.64 ሲሆን፥ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከሚጠቀሙት ግን ከመቶ 4.05 ነው። ጥናቱ ዝምድናን አሳየ እንጂ ኬሚካሉ ብቻውን በሽታውን አመጣ ብሎ አልፈረደም፤ አንባቢም ይህን ልዩነት እንዲይዝልኝ እለምናለሁ። ሆኖም ደንበኛዋ አንድ ጊዜ ስትቀባው፥ ሠሪዋ ከጧት እስከ ማታ ከእንፋሎቱ ጋር ትውላለች። ጓንት አድርጋ፥ መስኮት ከፍታ የምትሠራ ልጅ በቪዲዮው ላይ አታምርም ይሆናል፤ እኔ ግን ጠጉሬን የምሰጠው ለርሷ ነው።

ሹሩባውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ በመብራት ሲያዩት መሥመሩ እንደ ማሳ ትልም የጠራ ነው። በጣም ከጠበቀና ከተደጋገመ ግን የግንባርን ዳር ጠጉር ከሥሩ እየነቀለ ያሳሳዋል፤ ብዙ ዓመት ከዘለቀም ላይመለስ ይችላል። ሥዕሉ የሚነሣው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሦስተኛውን ሳምንት ማን ፎቶ አንሥቶት ያውቃል?

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ክርክር አለ። እኔ በማውቃቸው ጠጉር ቤቶች ሠራተኛዋ የምትከፈለው በወር ደመወዝ ሳይሆን በፐርሰንት ነው፤ ከሠራችው ላይ የቤቱ ድርሻ ተነሥቶ የቀረው የርሷ ነው። ዱሮ ደንበኛ የሚመጣው በቤቱ ስም ነበርና ይህ አከፋፈል ብዙ ጠብ አያስነሣም ነበር። አሁን ግን ደንበኛዋ «ያቺን የቲክቶኳን ልጅ ፈልጌ ነው» ብላ ትገባለች። ባለቤቲቱ ወንበሩ፥ ውሃው፥ መብራቱና ኪራዩ የኔ ስለ ሆነ ገጹም የቤቱ መሆን አለበት ይላሉ። ልጅቱ በበኩሏ እጁም ስልኩም የኔ ነው ትላለች። ከቤቱ ስትለቅ ገጹ አብሯት ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን አስቀድሞ በወረቀት የጻፈ ሰው ያየሁ እንደ ሆነ አላስታውስም። በበኩሌ ልጅቱ የሠራችውን የማሳየት መብት ሊከለከል አይገባም እላለሁ፤ በዚያ ቤት እስካለች ድረስ ግን የቤቱን አድራሻ አብራ ብትጽፍ ተገቢ ነው። ይህ ለሁለት ሰው የአንድ ሲኒ ቡና ጉዳይ ነበር። የሚጀመረው ግን ከተጣሉ በኋላ ነው።

ደግሞም ገጹ የማንም ይሁን የማን፥ መሬቱ የሌላ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ባገራችን ተገድበው በነበረ ጊዜ፥ ደንበኞቿን በስልክ ቁጥር መዝግባ የያዘች ጠጉር ሠሪ ደውላ ሥራዋን ቀጠለች። በገጹ ብቻ የታመነችው ግን መንገዱ እስኪከፈት ጠበቀች፤ ወይም በዙሪያ ጥምጥም መንገድ መግባትን ተማረች። አንድ የ30 ብር ደብተር ያን ጊዜ ከሺህ ተከታይ በለጠ። ተከታይ ስንል ደግሞ ዱባይና ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚያደንቀውም ይቈጠራል፤ እርሱ ለሠርግ አገሩ ካልመጣ በቀር 22 ማዞሪያ መጥቶ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ያቺ ልጅ አንዱን ቪዲዮዋን 41 ሺህ ሰው አይቶት ቀጠሮ የያዙት አራት መሆናቸውን የነገረችኝ እየሳቀች ነው።

ተማሪውና ወጣቱ ሹም ይህን ሁሉ አንብቦ «እኔን ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። የሕግ ተማሪ ከሆነ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ 27ኛ አንቀጽ ይመልከት፤ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ባደባባይ ሊታይ፥ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይገባ ተጽፏል። ያን ጊዜ ቲክቶክን ያሰበ አልነበረም፤ ቃሉ ግን ለዛሬዋ ጠጉር ቤት ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተጨምሮበታል። «ዞር በይልኝ» ማለት «ልለቀው ፈቀድሽልኝ?» ማለት አይደለም። ደንበኛዋ ለለቅሶ ብላ ጠጉሯን የተሠራች ትሆናለች፤ ወይም መሥሪያ ቤቷን ታምሜያለሁ ብላ የቀረች ትሆናለች! ይህስ የራሷ ጉዳይ ነው፤ ለዓለም የማወጅ ሥልጣን ግን የጠጉር ሠሪዋ አይደለም።

ሹሙ ደግሞ በፈቃድ መስጫው መስኮት ወዲያ ያለው ሰው ነው። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የቤት አድራሻና የኪራይ ውል ሲጠየቅ፥ ቦርሳዋን ይዛ ከቤት ቤት የምትሠራዋ ልጅ ከየትኛው መስኮት ትቆማለች? በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የጠጉርና የውበት ሥራ ትምህርት ይሰጣል፤ የብቃት ምዘናም አለ። በስልክ የታወቀች ልጅ ግን ምዘናውን የምትፈልገው ለፈቃዱ ወረቀት እንጂ ደንበኛ ጠይቋት አይደለም። ተጠቃሚው ስለ ኬሚካሉ የሚያውቀውን ያህል «ተመዝነሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ እስኪለምድ ድረስ፥ ጀማሪዋን እጅሽን አፍታቺ የሚላት ከእትዬ በቀር ሌላ አካል የለም። እትዬ ደግሞ የሚቈጡት ስለ ወረፋው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድሁ። ያን ዕለት በብርሃኑ ፊት የዞረችው ደንበኛ ሹሩባዋን ልታስፈታ መጥታ አገኘኋት። «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች፥ ያለ ቁጣ። በግንባሯ ዳር ጥቃቅን ሽፍታ ወጥቷል፤ ከቀኝ ጆሮዋ በላይም ጠጉሩ ሳስቷል። ልጅቱ ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ከፊተኞቹ ጉንጉኖች ጀምራ በዝግታ ፈታችው፥ አጠበችው፥ ገንዘብም አልተቀበለችም። ከመፍታቷ በፊት ግን ደንበኛዋን አስፈቅዳ፥ መብራቱን ሳታበራ፥ የግንባሩን ዳር በስልኳ ቀርባ አንሥታው ነበር።

«ይህንንም ትለቂዋለሽ?» አልኳት።

«የለም፥ ለራሴ ነው» አለችና ስልኩን ኪሷ ከተተች።