ስለ አንድ ቀን እንግድነት በካንቶን ከተማ

ሰው ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ሐሳቡ ሁሉ በሚደርስበት ስፍራ ላይ ነው እንጂ በመካከል በሚያርፍበት ስፍራ ላይ አይደለም። ስለዚህ አውሮፕላን እስኪለውጥ ድረስ በአንድ ታላቅ ከተማ አንድ ቀን መዋል ግድ ሲሆንበት፤ ያን ቀን ከዕድሜው እንደ ተቀነሰ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ቀን ከዕድሜ የሚቀነሰው ሳይሠራበት ሲያልፍ ነው። «አባት ሳለ አጊጥ፤ ጀምበር ሳለ ሩጥ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ፤ በባዕድ አገር በአየር ማረፊያ አግዳሚ ላይ ለተቀመጠ መንገደኛም ይስማማዋል።

ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንነጋገረው በደቡብ ቻይና ስላለችው ስለ ጓንዡ ከተማ ነው፤ በቀድሞ ዘመን ፈረንጆች ካንቶን ይሏት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው በ1973 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ)፤ ዛሬም ጓንዡ ከሚያርፍባቸው ከተሞች አንዲቱ ናት። ነጋዴውም፤ ተማሪውም፤ ዘመዱን ሊጠይቅ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄደውም በእርሷ በኩል ያልፋል።

በእንደዚህ ያለ ቀን መንገደኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው «ብወጣ እጠፋለሁ፤ ብጠፋም አውሮፕላኑ ያመልጠኛል» ብሎ ሻንጣውን ታቅፎ እስኪመሽ ይቀመጣል። ሁለተኛው ደግሞ የከተማይቱን ግንብ፤ ገበያና መቅደስ ሁሉ በአንድ ቀን ላዳርስ ብሎ ይሮጣል፤ ሲመለስም ያየውን ሁሉ አደባልቆ አንዱንም ለልጆቹ በወጉ ለመተረክ አይችልም። የፊተኛው በፍርሃት፤ የኋለኛው በስስት ቀኑን አጠፉት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣምና፤ የአንድ ቀን እንግዳ ብልኀቱ አንድ መንገድ መርጦ የቀረውን በደስታ መተው ነው።

አስቀድሞ ግን ሕጉን ማወቅ ይገባል። የቻይና መንግሥት በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ሌላ አገር ለሚያልፍ መንገደኛ ያለ ቪዛ የማለፍ ፈቃድ የሚሰጥበት ሥርዓት አለው። የሚሄድበትም አገር ሦስተኛ አገር መሆን አለበት፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጓንዡ ደርሶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው በዚህ ሥርዓት አይጠቀምም ማለት ነው። ከአየር ማረፊያው ግቢ ለመውጣትም በድንበር ሹሞች ዘንድ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ዘመኔ እንደ ተማርኩት ፈቃድ ሌላ፤ መብት ሌላ ነው፤ ስለዚህ የቀጣዩን ጉዞ ቲኬትና የሚሄድበትን አገር ቪዛ በእጁ ይዞ፤ በትሕትና ይጠይቅ፤ ቢከለከልም አይከራከር። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ፤ ከ2024 ታኅሣሥ ጀምሮ፤ ስማቸው በዝርዝር ለተጻፈ አገሮች ዜጎች ይህ ጊዜ እስከ 240 ሰዓት ተራዝሟል። ኢትዮጵያ ይህ ጽሑፍ እስከሚጻፍበት ቀን ድረስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ የአሜሪካን ዜግነት የያዙ ወገኖቻችን ግን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ሕግ ይለወጣልና ቲኬት ከመግዛት በፊት ኤምባሲውን ወይም አየር መንገዱን መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት ነገር ነው። የጓንዡ ሰዓት ከአዲስ አበባ ሰዓት በ5 ይቀድማል፤ በእኛ ዘንድ ከጥዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን በዚያ እኩለ ቀን ነው። ከዚህም በላይ እኛ የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ስንጀምር፤ በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። ስለዚህ 23 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ቀጠሮውን ያሳለፈ ባለጉዳይ ምክንያቱን ለዳኛ አስረድቶ ሌላ ቀጠሮ ለማግኘት ይችል ይሆናል፤ አውሮፕላን ግን ይግባኝ አይሰማም።

ስለዚህ ሰዓት የሚቈጠረው ከኋላ ወደ ፊት ነው። አንድ መንገደኛ በዚያው አገር ሰዓት ከጥዋቱ 1 ሰዓት አርፎ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይነሣል እንበል፤ በመካከሉ 16 ሰዓት አለ። ከመነሻው 3 ሰዓት አስቀድሞ በአየር ማረፊያው መገኘት ይገባዋል፤ ለፈቃድና ለፍተሻ ሲገባ 2 ሰዓት ይተው፤ ለመሄጃና ለመመለሻም አንድ አንድ ሰዓት ይመድብ። የቀረው 9 ሰዓት ነው፤ ይኸውም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። ገንዘቡ ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ ቢያወጣ ብድር ይሆንበታል። ከ16 ሰዓት ፈንታ 9 ብቻ ያለው ሰውም 7 ሰዓት ሲቀነስ የሚተርፈው 2 ሰዓት ብቻ ነውና፤ ከማረፊያው ባይወጣ ይሻለዋል።

ከባይዩን አየር ማረፊያ ወደ ከተማ የሚያገባው ማለፊያ መንገድ የምድር ውስጥ ባቡር ነው፤ ዋጋው አነስተኛ ሲሆን የመንገድ መጨናነቅም አያግደውም። በ3ኛው መሥመር ተሳፍሮ ጅያሄ ዋንጋንግ በሚባለው ጣቢያ ወርዶ ወደ 2ኛው መሥመር ይለውጣል። እኔም ለአንድ ቀን እንግዳ የምመርጥለት መንገድ ይኸው 2ኛው መሥመር ነው፤ የከተማይቱ ታሪክ እንደ መቍጠሪያ በዚህ አንድ ክር ላይ ተሰክቶ ይገኛልና። መሥመር ሳይለውጥ በዚያው ይሄዳል፤ በዚያው ይመለሳል።

የመጀመሪያው መውረጃ የዩዌሽዩ መናፈሻ ጣቢያ ነው። ነገር ግን ከጉብኝት በፊት ቍርስ ያስፈልጋል። የካንቶን ሰዎች ጥዋት ከቤተ ሰባቸው ጋራ ወደ ሻይ ቤት ሄደው፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድ ክብ ገበታ ተቀምጠው፤ በትንንሽ የቀርከሃ መሶብ በእንፋሎት የበሰለ ምግብ እየቀመሱ ሻይ የመጠጣት ልማድ አላቸው። ይህንንም በቋንቋቸው ያም ቻ ይሉታል፤ ትርጓሜው ሻይ መጠጣት ማለት ነው። ሰው ሻይ ሲቀዳላቸው ጣታቸውን አጥፈው ገበታውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ምስጋና መሆኑ ነው። ውሃ እንዲጨመርላቸው ሲፈልጉ ደግሞ የማንቈርቈሪያውን ክዳን ገለጥ አድርገው ይተዉታል። እንግዳው እነዚህን ሁለት ምልክቶች ቢያውቅ ቋንቋ ሳይማር ጨዋነቱን ያስመሰክራል። የዐሣማ ሥጋ በብዙው ምግባቸው ውስጥ ስለሚገኝ፤ የማይበላ ወይም የሚጾም ሰው «ሥጋ አልበላም» የሚለውን ቃል በቻይና ጽሕፈት አስጽፎ ቢይዝ ከመጨነቅ ይድናል።

ከዚያው ጣቢያ አጠገብ የናንዩዌ ንጉሥ መቃብር ሙዚየም አለ። በ1983 ሠራተኞች ቤት ሊሠሩ ኮረብታውን ሲቈርጡ ያገኙት መቃብር ሲሆን፤ የተቀበረበትም ዣው ሞ የሚባለው የናንዩዌ ሁለተኛ ንጉሥ ነው። ይህ ንጉሥ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ122 ዓመት ገደማ ነው። አስከሬኑ ጄድ ከሚባል የከበረ ድንጋይ በተሠራ፤ ከ2 ሺሕ የሚበልጡ ቅጠሎች በሐር ክር በተጋጠሙበት ልብስ ተገንዞ ተገኘ። ዘንዶ የተቀረጸበት የወርቅ ማኅተሙም በዚያ አለ፤ እንደ እኔ ዕድሜውን ከማኅተምና ከመዝገብ ጋራ ላሳለፈ ሰው ከልብሱ ይልቅ ማኅተሙ ልብ ይስባል። ከመቃብሩ ውስጥ ዕጣንና የዝሆን ጥርስ ወጥቷል፤ ጥርሱም ከአፍሪካ ዝሆን የመጣ መሆኑን ሊቃውንቱ ገልጸዋል። ከእኛ ክፍለ ዓለም የተነሣው ዕቃ ከ2 ሺሕ ዓመት በፊት ወደዚያች ምድር መድረሱን ያየ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ፤ ራሱን እንደ መጀመሪያ እንግዳ አድርጎ አይቈጥርም። ከንጉሡ ጋራ 15 ሰዎች አብረው መቀበራቸውን ሲያነብ ደግሞ፤ ከጄድ ልብሱ ውበት ጋራ የዚያን ዘመን ጭካኔ አስታውሶ ዝም ይላል። ሙዚየም በሳምንት አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላልና ቀኑን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ልጆችን ይዞ የሚጓዝ ሰው በመናፈሻው ውስጥ ያለውን የአምስቱን በጎች የድንጋይ ሐውልት ያሳያቸው። በከተማይቱ አፈ ታሪክ እንደሚነገረው፤ አምስት ቅዱሳን በአምስት በጎች ተቀምጠው የእህል ዛላ ይዘው መጡ፤ ሕዝቡንም «ረኃብ አይንካችሁ» ብለው መርቀው ተሰወሩ፤ በጎቹም ወደ ድንጋይ ተለወጡ። ሐውልቱ የቆመው በ1960 ነው፤ ከተማይቱ ግን የበጎች ከተማ ተብላ የምትጠራው ከጥንት ጀምሮ ነው። ልጅ የነገሥታቱን ስም ይረሳል፤ ይህን ግን አይረሳም።

ቀጥሎ ያለው ጣቢያ የሱን ያት ሴን መታሰቢያ አዳራሽ ነው። በ1911 ተጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ አገዛዝ የወደቀበትና ሪፐብሊክ የተመሠረተበት ለውጥ መሪ የነበረው ይህ ሰው በ1925 ዐረፈ፤ ሕዝቡም ሰማያዊ ክዳን ያለውን ይህን አዳራሽ ሠርቶ በ1931 ፈጸመለት። ከዚያ ወርዶ በሃይዡ አደባባይ ጣቢያ የወጣ መንገደኛ በእግሩ ጥቂት ሲሄድ፤ ሰዎቹ የድንጋይ ቤት የሚሉትን የካቶሊክ ካቴድራል ያገኛል። ከ1863 እስከ 1888 ድረስ በፈረንሳዮች መሪነት በቻይና ጠራቢዎች እጅ ተሠራ። የቆመበት ስፍራ በጦርነት ጊዜ የፈረሰው የአገረ ገዢው ግቢ ነበረ። ስለዚህ በዚያ የሚያልፍ ሰው የጥበብን ውበትና የተሸነፈ ሕዝብን ሐዘን በአንድ ድንጋይ ላይ ያነባቸዋል።

ከካቴድራሉ ወደ ወንዙ መውረድ ቅርብ ነው። የዕንቍ ወንዝ ከተማይቱን ያሳደጋት ወንዝ ነው፤ ከ1757 እስከ 1842 ድረስ የአውሮፓ መርከበኞች በቻይና ምድር እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በዚህች ወደብ ብቻ ነበረ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከወንዙ ዳር ተቀምጦ የሚተላለፉትን ጀልባዎች ማየት ገንዘብ የማይጠይቅ ዕረፍት ነው። 600 ሜትር ከፍታ ያለውና በ2010 የተከፈተው የካንቶን ግንብ በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ዝናው ቢስብም ከክራችን ውጭ ነውና ይቅር። የነጋዴዎቹ ሰፈር ሽያውበይም አፍሪካውያን የሚበዙበት ስለሆነ ይናፍቃል፤ ነገር ግን የጅምላ ንግድ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ዕቃው ጐድሎ ወይም ተበላሽቶ ቢገኝ ነገ ተመልሶ ለመጠየቅ የማይችል ገዢ፤ ነገሩን ወደ ችሎት ሳያደርስ አስቀድሞ ተረቷል።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል ልጨምር። በዚያ አገር ሰዉ ሁሉ አሊፔይና ዊቻት በሚባሉት የእጅ ስልክ መንገዶች ይከፍላል፤ የውጭ አገር የባንክ ካርድ ያለው ሰው ከአገሩ ሳይወጣ ስልኩ ላይ ቢያዘጋጅ ይጠቀማል። የሌለው ደግሞ በአየር ማረፊያው ጥቂት ዩዋን መንዝሮ፤ ዝርዝር ብር ይያዝ። ከባዱን ሻንጣ በማረፊያው የዕቃ ማስቀመጫ ትቶ፤ ፓስፖርቱንና የመሳፈሪያ ወረቀቱን ብቻ ከአካሉ ሳይለይ ይሂድ። ማረፊያው ከአንድ በላይ ሕንፃ ስላለው የሚሳፈርበትን ሕንፃ በወረቀት ይጻፍ።

በቤት የሚጠብቁትን አለመዘንጋት ከሁሉ ይበልጣል። በቻይና ቴሌግራምና ዋትስአፕ እንደ አገራችን በቀላሉ አይሠሩም፤ የአገሩ መንግሥት ዘግቷቸዋልና። ልጇ አውሮፕላን ከተሳፈረ ወዲህ ድምፁን ያልሰማች እናት የምታስበውን እናውቃለን፤ እርሱ ሻይ እየጠጣ ሳለ እርሷ ስለት ትሳላለች። ስለዚህ መንገደኛው ከአዲስ አበባ ሳይነሣ «በጓንዡ አንድ ቀን እውላለሁ፤ በዚያን ቀን መልእክቴ ባይደርሳችሁ አትደንግጡ፤ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ከምደርስበት አገር እደውላለሁ» ብሎ በግልጽ ይናገር፤ ቢቻልም ለታላቅ ወንድም ወይም ለእኅት በወረቀት ጽፎ ይተው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፤ ወንዙ ምንም ቢያምር፤ ተነሥቶ ወደ ባቡሩ ይመለስ። ያላየው ብዙ ይሆናል፤ ያየውን ግን ደርሶ ለቤተ ሰቡ በወጉ ይተርክላቸዋል።