ከሐዲዱ እኩል ተርሚናሉም ይታሰብበት፤ ኮምቦልቻና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

አቀስታ፦ በደቡብ ወሎ ዞን የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አቀስታ የባቡር ሐዲድ አያልፍም። በመካነ ሰላምም ሆነ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ደጋ እንዲሁ። ይሁንና ወደዚህ አካባቢ የሚወጣው የአፈር ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ብረትና ዘይት፣ ከአካባቢውም የሚወርደው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና በግ በአብዛኛው በደሴና በኮምቦልቻ በኩል የሚያልፍ ነው። መካነ ሰላም ዓባይን ተሻግሮ በጉንደወይን ወደ ጎጃም የሚያደርስ መንገድ ያላት ቢሆንም ከወደብ ጋር የሚያገናኛት ዋናው በር ምሥራቁ ነው። በመሆኑም በኮምቦልቻ የሚኖረው የባቡር ተርሚናል የት እንደሚያርፍና እንዴት እንደሚሠራ ባቡር አይቶ ለማያውቀው የደጋው ገበሬም ጉዳዩ ነው።

የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ግንባታ በየካቲት 2007 ዓ.ም በይፋ መጀመሩ ይታወሳል። ያፒ መርከዚ በተባለው የቱርክ ኩባንያ የተገነባው ይህ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ሲኖረው፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ 270 ኪሎ ሜትር ያህሉን ይይዛል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግንባታ ወደ መጠናቀቁ ከተቃረበ በኋላ የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦት ማነቆ ሆኖበት ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ኮምቦልቻ በደረሰበት ወቅት ደግሞ በፕሮጀክቱ ንብረት ላይ ዝርፊያና ጉዳት ደርሷል። በዚህ ሁሉ ምክንያት መስመሩ መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ዓመታት አልፈዋል።

ስለ ፕሮጀክቱ ሲነገር ጎልቶ የሚሰማው የሐዲዱ ኪሎ ሜትር፣ የዋሻዎቹና የድልድዮቹ ቁጥር እንዲሁም የብድሩ መጠን ነው። ተርሚናሉ የሚነሳው በመጨረሻ፣ ያውም ስለ ሕንፃው ውበት ለመናገር ያህል ነው። ነገር ግን ባቡር በጉዞ ላይ እያለ የሚባክን ጊዜ ጥቂት ነው። ዕቃውም ሆነ መንገደኛው የሚጉላላው ቆሞ በሚጠብቅበት፣ ከአንዱ መጓጓዣ ወርዶ ሌላው ላይ በሚወጣበት ሥፍራ ነው። መስመሩ የቆመበት ጊዜ ያስከተለው ኪሣራ ከባድ ቢሆንም ይህን ጉዳይ አስቀድሞ ለማሰብ ዕድል ሰጥቷል።

ለዚህ የሚሆን ትምህርት በሀገሪቱ የባቡር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው የባቡር መስመር ሲታሰብ ሐረር እንዲደርስ ታቅዶ ነበር። ተራራውን መውጣት እጅግ ውድ ሆኖ በመገኘቱ ሐዲዱ ከሥር ባለው ሜዳ አለፈ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም በደረሰበት ሥፍራም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ የሐረር ቡና ወደ ጣቢያው ወርዶ መጫን ነበረበት። ጣቢያው መጋዘኑን፣ የጥገና ወርክሾፑንና የሠራተኛውን መኖሪያ ይዞ ስለተነሣ ነጋዴው ተከትሎት ወረደ፤ ከተማዋም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከሐረር ጋር የምትወዳደር የንግድ ማዕከል ሆነች። ደጋው ከባቡሩ በታችኛው ሜዳ ላይ ካልተገናኘ በቀር ባቡሩ ወደ ደጋው አይወጣም ማለት ነው።

የኮምቦልቻና የምዕራቡ ደጋ ግንኙነትም ይህንኑ ይመስላል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀው ደሴ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። የሐረጎን አቀበት የወጣ ሾፌር ይህን በቁጥር እንዲነግሩት አይሻም። ከደሴ ወደ አቀስታ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ብርዳማ ደጋ ያወጣል። የጭነት ባቡር የሚፈልገው ለዘብ ያለ ዳገት ነው፤ ይህን ሊሰጠው የሚችለው ቆላውና ሸለቆው ነው። ስለዚህ ወደ ደጋው የሚወጣው የመጨረሻው ጉዞ ምንጊዜም የመኪና ነው፤ ተርሚናሉም ሲነደፍ ለባቡሩ የሚሰጠውን ያህል ቦታ ለመኪናው መስጠት ይኖርበታል።

መስከረም 2009 ዓ.ም የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ መስመር በዚህ ረገድ ብዙ አሳይቷል። በ1922 ዓ.ም የተመረቀው የለገሀር ጣቢያ በከተማዋ እምብርት የሚገኝ ሲሆን መንገደኛው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ገበያ ይደርስ ነበር። አዲሱ የመንገደኞች ጣቢያ ግን በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ፉሪ ለቡ ላይ፣ የጭነቱ ደግሞ እንዶዴ ላይ ነው። በድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከመሐል ከተማ ርቆ ተሠርቷል። ለዚህ በቂ ምክንያት አልጠፋም። ረጅምና ፈጣን ባቡር ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል፤ መሐል ከተማ ውስጥ ለማለፍ የሚከፈለው የካሣ ገንዘብም ከባድ ነው። ጭነቱን ከመንገደኛው መለየቱም ትክክል ነው፤ ኮንቴይነር የሚነሣበት ግቢ ሻንጣ ይዞ ሕፃን ለሚመራ ሰው የሚሆን ቦታ አይደለም።

ስህተቱ ያለው ጣቢያው ከራቀ በኋላ ርቀቱን የሚያካክስ ነገር አብሮ አለመታሰቡ ላይ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ያሉት ሲሆን አንዱም ለቡ አይደርስም። ከጅቡቲ ወይም ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ ሀገር አቋርጦ በርካሽ ከተጓዘ በኋላ ከተማ ውስጥ ለመግባት ታክሲ መለመን ይጠበቅበታል። ጎረቤት ኬንያ በ2009 ዓ.ም ሥራ ያስጀመረችው የሞምባሳ ናይሮቢ ባቡር ጣቢያም ከናይሮቢ መሐል ወጣ ብሎ በሲዮኪማው የተሠራ ነው። ሆኖም በአሮጌው ሐዲድ ላይ ከመሐል ከተማው ጣቢያ የሚነሣ አገናኝ ባቡር ተመድቦለታል። ሁለቱ ሀገሮች ጣቢያቸውን ያራቁት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ልዩነቱ የቀረችውን አጭር መንገድ ባለቤት በመስጠቱ ላይ ነው።

ወደ ጭነቱ ስንመጣ ሒሳቡ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር አንድ የኮንቴይነር ባቡር ባለ 20 ጫማ ከ100 በላይ ኮንቴይነሮችን ይጭናል። ተሳቢ ያለው አንድ ከባድ ተሽከርካሪ የሚጭነው ሁለት ነው። ስለዚህ አንድ ባቡር በገባ ቁጥር 50 ያህል ከባድ ተሽከርካሪዎች በተርሚናሉ በር ገብተው፣ ሰነዳቸውን አሳይተው፣ ተመዝነውና ጭነው መውጣት አለባቸው። በሩ አንድ፣ ሚዛኑ አንድ፣ ማንሻውም አንድ ከሆነ ወረፋው አስፋልት ላይ ይወጣል። የባቡሩ መራገፊያ ሐዲድ ሙሉውን ባቡር የማይችል ከሆነ ደግሞ ባቡሩ ለሁለት ተቆርጦ ተራ በተራ መግባት ስለሚኖርበት ሎኮሞቲቩ ወደ ቀጣይ ጉዞው መሄድ ሲገባው ፉርጎ ሲያመላልስ ይውላል።

ኮንቴይነር ቢያንስ በማሽን ይነሣል። የደጋው ዋና ጭነት የሆነው ማዳበሪያ ግን በጆንያ የሚመጣ ነው። ለምሳሌ 60 ቶን የሚጭኑ 30 ፉርጎዎች የያዘ ባቡር ቢታሰብ 18,000 ኩንታል፣ በባለ 50 ኪሎ ጆንያ ሲቆጠር 36,000 ጆንያ ይሆናል። ጭነቱ ከፉርጎ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና ከተዛወረ እያንዳንዱ ጆንያ በተርሚናሉ ውስጥ ብቻ ሁለት ጊዜ ትከሻ ላይ ይወጣል። መኪናው በሰዓቱ ቀርቦ ከፉርጎው በቀጥታ ቢቀበል ግን 36,000 ሸክም ይቀራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ከፉርጎው ወለል እኩል ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በአንድ ጎኑ ሐዲድ በሌላው ጎኑ መኪና የሚቆምበት ጣራ ያለው መድረክ፣ እንዲሁም ባቡሩ መቼ እንደሚገባ ከአንድ ቀን በፊት ለጫኙ የሚነገርበት አሠራር በቂ ነው። የጫኝና አውራጅ ማኅበራት የሥራ ድርሻና ታሪፍም ባቡሩ ከመግባቱ በፊት ተደራድሮ መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው፤ ፉርጎ ቆሞ የሚደረግ ድርድር ከሁሉ የከፋው ነውና።

ጊዜው ደግሞ ለለጋምቦና ለአካባቢው የተለየ ትርጉም አለው። የደቡብ ወሎ ደጋ ከመኸር በተጨማሪ በበልግ የሚያመርት ነው። የበልግ እርሻ ከጥር ጀምሮ የሚዘራ በመሆኑ ማዳበሪያው ገና በበጋው መጀመሪያ አቀስታ መድረስ ይኖርበታል። ሀገር አቀፉ የማዳበሪያ ሥርጭት በአብዛኛው የሚሰላው ለመኸር ነው። 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ከኮምቦልቻ እስከ ወረዳ ከተማ ይወጣ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀበሌ ማኅበራት የሚያደርሰው 100 ኩንታል ገደማ የሚጭነው ኤፍ ኤስ አር ወይም ከዚያ የሚያንሰው አይሱዙ ነው። ያን የአንድ ባቡር ጭነት በኤፍ ኤስ አር ብቻ ለማውጣት 180 ምልልስ ያስፈልጋል። ተርሚናሉ ለትልልቅ ተሳቢዎች ብቻ ከተነደፈ ትንንሾቹ መኪናዎች ከግቢው ውጭ ይቀራሉ፤ መካከል ላይ ሌላ መጋዘን፣ ሌላ ማራገፊያና ሌላ ክፍያ ይፈጠራል።

እዚህ ላይ መነሣት ያለበት ሌላም ነገር አለ። ኮምቦልቻ የጭነት መናኸሪያ የሆነችው በባቡር አይደለም። በባቲና በሚሌ ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ነው ያደረጋት፤ ከ1990 ዓ.ም ጦርነት በኋላም ጭነቱ በጋላፊ በኩል ከጅቡቲ መምጣቱን ቀጥሏል። የእህል መጠባበቂያ መጋዘኖቿ፣ ፋብሪካዎቿ፣ ደረቅ ወደቧና በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዚሁ መንገድ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ባቡሩ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ለመድረስ በድሬዳዋና በአዋሽ ዞሮ ስለሚመጣ ከመኪናው መንገድ የሚረዝም ጉዞ አለው። በብዛት በመጫኑ ይህን ማካካስ ይችላል፤ በተርሚናል ቆሞ የሚያጠፋውን ጊዜ ግን በምንም አያካክሰውም። ባቡሩ ሁለት ቀን ተራ ከጠበቀ ነጋዴው ወደ ሚሌ መንገድ ይመለሳል። ሞጆ ደረቅ ወደብ ከዋናው መስመር ጋር በቅርንጫፍ ሐዲድ እንዲያያዝ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባቡር ጣቢያና ደረቅ ወደብ በአንድ ከተማ ውስጥ ኖረው በመኪና የሚገናኙ ከሆነ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይራገፋል፣ ሁለት ጊዜም ይከፈልበታል። የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና የባቡር ተርሚናሉ ግንኙነትም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት።

ከደጋው የሚወርደው ጭነት ከሚወጣው ያነሰ መሆኑ የሚካድ አይደለም። ባዶ የሚመለስ ፉርጎ ደግሞ የሙሉውን ዋጋ ያስወድዳል። ለዚህ በቅርብ የሚገኘው መፍትሔ በግ ነው። የዚህ ደጋ በግ ለበዓል ገበያ በመኪና ተጭኖ ሸዋ ድረስ የሚሄድ ሲሆን በጉዞው ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚሞትም አለ። ለእንስሳት የሚሆን ተርሚናል ተዳፋት መጫኛ፣ ጥላ ያለው ማቆያ በረት፣ ውኃና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይፈልጋል። በረቱ ከመንገደኛው መጠበቂያ በነፋስ አቅጣጫ ራቅ ማለት እንዳለበት የገጠር ገበያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል፤ በንድፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ይህን ሁሉ ሐዲዱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ልጨምር ቢባል ቦታው አስቀድሞ በሌላ ነገር ተይዞ ይገኛል።

መንገደኛውን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ከመካነ ሰላም ወይም ከአቀስታ ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ ደሴ የሚደርስ ሰው ባቡሩን የሚይዘው አውቶቡሱ ከመድረሱ በኋላ የሚነሣ ከሆነ ብቻ ነው። ባቡሩ ማለዳ ከተነሣ የአንድ ሌሊት አልጋ መከራየት ይኖርበታል፤ በዚያ ወጪ በአውቶቡስ መቀጠልን ይመርጣል። በተለይ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ በሽተኛና ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የሚጎዱት በዚህ ነው። ስለዚህ የባቡሩ የጊዜ ሠሌዳ ከአዋሽ በኩል ብቻ ሳይሆን ከደሴ መናኸሪያ በኩልም ታይቶ መውጣት አለበት። በጣቢያው ደጃፍ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ፣ የፍተሻ ወረፋ ፀሐይና ዝናብ ላይ የማይሰለፍበት ጣራ የቅንጦት ነገሮች አይደሉም።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ ከንድፉ ይልቅ የሚከብድ ነው። ሐዲዱና ጣቢያው በ2000 ዓ.ም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። ደረቅ ወደቡ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ፣ ቁጥጥሩ የጉምሩክ፣ ዋናው አስፋልት የፌዴራል መንገዶች፣ መጋቢ መንገዱና የአውቶቡስ ስምሪቱ የክልሉ፣ መሬቱ ደግሞ የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ነው። ማዳበሪያውን የሚረከቡት ዩኒየኖች በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ግቢ እስከ አጥሩ ድረስ በሚገባ ሊሠራ ይችላል። ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ያለችው መንገድ ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ ሳትገባ ልትቀር ትችላለች። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ የተከሰተው ግጭት የመንገድ ጉዞን ባስተጓጎለበት ሁኔታ ይህን የጋራ ሥራ ማስተባበር ቀላል እንዳልሆነም ግልጽ ነው።

የዞኑና የወረዳዎቹ ጽሕፈት ቤቶች ሐዲድ መዘርጋት አይጠበቅባቸውም። በእጃቸው ያለው የየወረዳቸውን የማዳበሪያ ፍላጎት በወር ከፍሎ ማስላት፣ በዓመት ምን ያህል በግና እህል እንደሚወጣ መመዝገብ፣ ከኮምቦልቻ የሚነሡ መኪናዎች የሚያርፉበትን መጋዘን በአቀስታና በመካነ ሰላም ማዘጋጀት ነው። ስድስት መቶ ካሬ ሜትር መጋዘን ይበቃል ወይስ ሁለት ሺህ ያስፈልጋል የሚለውን የሚመልሰው ይኸው ቁጥር ነው። በተርሚናሉ ዙሪያ ለእንስሳት ማቆያ፣ ለአነስተኛ መኪናዎች መጫኛና ለአውቶቡስ የሚሆን መሬት ይከለል ብሎ ለከተማው አስተዳደር ለመጠየቅም ይህንኑ ቁጥር ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።