ጣሳው ስንት ግራም ነው?

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ብሂል ዘወትር የሚነገረው ስለ ፍርድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ቃሉን በቀጥታ ትርጉሙ እወስደዋለሁ፤ በምግብ ፍጆታ ላይ የምናካሂዳቸው ጥናቶች ተአማኒነት በተጠቀምንበት መስፈሪያ ይወሰናልና።

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች አንዲት እናት ያቦካችውን ዱቄት በኪሎ አትናገርም። ጤፉን በጣሳ፣ ገብሱን በቁና፣ ሽሮውን በኩባያ፣ በርበሬውን በማንኪያ ትሰፍራለች። ይህ ለወጥ ቤት የሚበቃ፣ በልምድ የተፈተነ ሥርዓት ነው። ችግሩ የሚጀምረው መረጃ ሰብሳቢው «አንድ ጣሳ» ብሎ የመዘገበውን እኛ ቢሮ ተቀምጠን ወደ ግራም ስንለውጠው ነው።

አንደኛው ምክንያት የዕቃው መለያየት ነው። ጣሳ የሚባለው የቲማቲም ድልህ ወይም የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። አንድ የመስፈሪያ ስም በየአካባቢው የተለያየ መጠን እንዳለው የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች በጻፏቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ሁለተኛው ምክንያት እፍግታ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዱቄት ግን ከውኃ በእጅጉ ያንሳል። ያው ዱቄት እንኳ ተነፍቶና ተጠቅጥቆ፣ ተከምሮና በአፉ ልክ ተስተካክሎ ሲሰፈር ክብደቱ ይለያያል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንድ ኩባያ ዱቄት ተነፍቶ 120 ግራም፣ ተጠቅጥቆ 150 ግራም ይመዝናል እንበል። አምስት አዋቂዎች ያሉበት ቤተሰብ በቀን 10 ኩባያ ቢጠቀም ልዩነቱ 300 ግራም ይሆናል። 100 ግራም ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ሰው 210 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። የአገራችን የምግብ ድህነት መስመር ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪን መነሻ ያደረገ ነው። እንግዲህ በአሰፋፈር ልዩነት ብቻ የመስመሩን አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ስሕተት ሊፈጠር፣ የተራበ ቤተሰብም እንደ ጠገበ ሊቆጠር ይችላል።

«መላሾችን በኪሎ እንጠይቅ» የሚሉ አሉ። ይህ ግን ግምቱን ከእኛ ትከሻ አውርዶ መዝና በማታውቀው እናት ላይ መጫን ነው። ሌሎች የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ያዘጋጀውን የአካባቢ መለኪያዎች መለወጫ ሠንጠረዥ ይጠቅሳሉ። ሠንጠረዡ ታላቅ አስተዋጽኦ ነው፤ ሆኖም ለሰፊ አካባቢ የተሰላ አማካይ የአንዲትን ቀበሌ ጣሳ አይተካም።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። ወደ መስክ ስንወጣ የወጥ ቤት ሚዛን እንያዝ። ባዶውን ዕቃ እንመዝን፤ እናቲቱ እንደ ልማዷ በገዛ እጇ ሦስት ጊዜ ትስፈር፤ የዕቃውን ክብደት ቀንሰን አማካዩን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውንና ከፍተኛውንም እንመዝግብ። ይህንንም በየእህሉና በየመስፈሪያው ለይተን ከጥናታችን ጋር በአባሪነት እናቅርብ። አማካሪዎቻችንና ፈታኞቻችንም የናሙና አመራረጣችንን በሚጠይቁበት ጥብቅነት የመለወጫ ቁጥራችን ከየት እንደ መጣ ይጠይቁን። ሥራው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይፈጅም፤ ቀጥሎ በዚያው ወረዳ የሚያጠናው ተማሪም ከግምት አይጀምርም።