ለአንድ በር ሁለት ቍልፍ

በአሜሪካ አገር በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሉት ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን ጉዳይ በጊዜ ቢያስብበት መልካም ነው። በዚያ አገር የሶሻል ሴኩሪቲን ጡረታ በኢንተርኔት ለመከታተል ከሚያገለግሉት በሮች አንዱ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሎጊን ዶት ጎቭ የተባለው የመንግሥት መግቢያ ነው። በዚህም አካውንት የሚባለውን የግል መዝገብ ለማውጣት የምስጢር ቃል ብቻ አይበቃም፤ ባለቤትነትን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምልክት ይጠየቃል።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን እንዲህ ነው። እናት ከእጅ ስልክ ጋራ ስላልተላመዱ ልጃቸው የራሱን ቍጥር ያስመዘግብላቸዋል። ነገሩ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ቍጥሩን የለወጠ እንደ ሆነ እናት ከገዛ መዝገባቸው ውጭ ይቀራሉ። ሌላ ማረጋገጫ ካላስመዘገቡም መዝገቡን ሰርዞ እንደ ገና ከመጀመር በቀር መንገድ የለም፤ የመግቢያው ሠራተኞች እንኳ ሊከፍቱላቸው አይችሉም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ማረጋገጫ ማስመዝገብ ይገባል። አንደኛው በእናት በራሳቸው ስልክ የሚደርስ ቍጥር፥ ሁለተኛው መግቢያው የሚሰጣቸው 10 የመጠባበቂያ ቍጥሮች ይሁኑ። እነዚህም እያንዳንዳቸው የሚያገለግሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በወረቀት ታትመው ከፓስፖርት ጋራ በሣጥን ይቀመጡ እንጂ፥ እንደ አንዳንዱ ቤት ልማድ፥ በማቀዝቀዣው በር ላይ አይለጠፉ። በስልክ ደውሎ ቍጥሩን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ ጥሩ አማርኛ ቢናገርም እንኳ፥ እናት ሳይመልሱ ስልኩን ይዝጉበት።