«አስቸኳይ አይደለም» የተባለው ካንሰር

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ በተነገረበት ሰሞን፣ አንድ ሐሳብ በዓለም ዙሪያ ያለ ብዙ ክርክር ተቀባይነት አገኘ፤ ዛሬ የማይገድል በሽታ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ይቆይ የሚል ነው። የሆስፒታል ሥራ «አስቸኳይ» እና «አስቸኳይ ያልሆነ» ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ የጡት ካንሰር ምርመራና ቀዶ ሕክምናም በብዙ አገር ከሁለተኛው ወገን ወደቀ። ብሪታንያ የማሞግራፊ ምርመራዋን ለወራት አቋረጠች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በ155 አገሮች ባደረገው የዳሰሳ ጥናት 42 በመቶዎቹ የካንሰር ሕክምናቸው በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ መስተጓጎሉን ተናግረዋል። ውሳኔው በጭንቅ ቀን የተወሰነ መሆኑን አልክድም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ድንጋጤ ማንም ይረዳዋል። የማይገባኝ ግን ማስረጃው ከመጣ በኋላም ይኸው አከፋፈል ጥንቃቄ ተብሎ መወደሱ፣ እስከ ዛሬም «ሌላ ምን ምርጫ ነበር?» በሚል ጥያቄ መታለፉ ነው።

የስሕተቱ ሥር «አስቸኳይ» የሚለው ቃል የተለካበት መለኪያ ነው። ታማሚዋ ዛሬ ማታ ትሞታለች ወይ ተብሎ ከተጠየቀ፣ የጡት ካንሰር አስቸኳይ አይደለም። የመዳን ዕድሏ መቼ ያመልጣታል ተብሎ ከተጠየቀ ግን መልሱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታማሚዎች የተካተቱባቸውን 34 ጥናቶች ያጠቃለለ ትንታኔ፣ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የሞት አደጋው 8 በመቶ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። 61 አገሮችንና ሃያ ሺህ ያህል የካንሰር ታማሚዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ጥብቅ የእንቅስቃሴ ገደብ በነበረበት ወቅት ከሰባት ታማሚዎች አንዱ የታቀደለትን ቀዶ ሕክምና ሳያገኝ መቅረቱን መዝግቧል። ይህ ሁሉ በየዕለቱ በሚነገረው የሟቾች ቁጥር ውስጥ አልገባም። በኮሮና የሞተ ሰው በማግስቱ ይቆጠራል፤ ሕክምናዋ የዘገየባት ሴት ግን ሕይወቷ የሚያልፈው ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ወረርሽኙን የሚያነሣ የለም። ፖሊሲው የተለካው በሚታየው ሞት ብቻ ስለነበር የማይታየው እንደሌለ ተቆጠረ።

ሕክምናው ይቆይ ለሚለው ሐሳብ የሚቀርበው ዋናው መከራከሪያ ኬሞቴራፒ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ታማሚዋን ወደ ሆስፒታል መጥራት ለቫይረሱ አሳልፎ መስጠት ነው የሚል ነው። ፍርሃቱ መነሻ ነበረው። ይሁን እንጂ ቀደም ብሎ ከቻይና የመጣውና ዓለምን ያስደነገጠው ጥናት የተመለከተው 18 የካንሰር ታማሚዎችን ብቻ ነው፤ የካንሰር ዓይነታቸውም የተለያየ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ በቫይረሱ የተያዙ 800 የካንሰር ታማሚዎችን የተከታተሉ የብሪታንያ ሐኪሞች፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ኬሞ የወሰዱት ካልወሰዱት በተለየ ለሞት እንዳልተጋለጡ አስታወቁ። አደጋውን የጨመሩት ዕድሜና ተጓዳኝ ሕመሞች ናቸው። የ18 ሰዎቹ መረጃ በር ለመዝጋት ከበቃ፣ የ800ዎቹ መልሶ ለመክፈት እንዴት አልበቃም?

ሁለተኛው መከራከሪያ የተሻለ ክብደት አለው። ሁሉም የጡት ካንሰር እኩል አይቸኩልም። በሆርሞን የሚያድግ፣ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ዕጢ በታሞክሲፌንና በመሰል እንክብሎች ተይዞ ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን መቆየት የሚችለው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በምን ነው? ናሙና ተወስዶ፣ ተመርምሮ፣ የሆርሞን ተቀባይ ያለው መሆን አለመሆኑ ተለይቶ ነው። «ይቆይ» የሚለው ቃል ግን ምርመራውንም አብሮ አቆየው። በኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል። እዚህ የጡት ካንሰር ታማሚዎች አብዛኞቹ ዕጢው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ የሚመጡ፣ ብዙዎቹም በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ወይም ከዚያ በታች ያሉ እናቶች ናቸው። ከዚያ በፊት ጸበሉ፣ የባህል መድኃኒቱ፣ ዝምታውና የገንዘብ እጦቱ ወራት ወስደዋል። ለነዚህ ሴቶች የሚተርፍ ጊዜ የለም። እስከ ወረርሽኙ ዋዜማ ድረስ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ስለዚህ በመጋቢት መጨረሻ አንዳንድ ክልሎች የሕዝብ ትራንስፖርት ሲያቆሙ፣ ቀጥሎም ተሽከርካሪዎች የአቅማቸውን ግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ሲታዘዙ፣ የሆስፒታሉ በር ክፍት ቢሆንም እንኳ ከሩቅ ለምትመጣ ታማሚ መንገዱ ተዘግቷል። ለበለጸገ አገር ታስቦ የተነገረ «ትንሽ መቆየት» እዚህ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

አልጋና ባለሙያ አልበቃም የሚለውም ሲመረመር እንደሚባለው አይደለም። ኬሞ መተንፈሻ መሣሪያ አይፈልግም፤ ወንበር፣ መድኃኒትና የሠለጠነች ነርስ ይፈልጋል። የጡት ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያስገባው ከስንት አንዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኮሮና ታማሚዎች ኤካ ኮተቤን በመሰሉ ለይቶ ማከሚያዎች፣ በኋላም በሚሌኒየም አዳራሽ መታከማቸው ሌሎቹን አገልግሎቶች ነጻ ማድረግ እንደሚቻል ያሳየ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሕክምናውን ማሳጠርም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ከብሪታንያ የወጣው፣ 4 ሺህ ያህል ታማሚዎችን የያዘው ጥናት፣ በሦስት ሳምንት ለ15 ጊዜ ይሰጥ የነበረውን የጡት ጨረር በአንድ ሳምንት ለአምስት ጊዜ ብቻ መስጠት ከነባሩ እንደማያንስ አረጋግጧል። ጥናቱ ቀደም ባለ ደረጃ ላይ ያሉትን የሚመለከት ነው፤ ለሁሉም አይሆንም። ለሚሆናቸው ግን ወረፋው በወራት በሚቆጠርበት አገር አንዲት ታማሚ በአምስት ቀን ስትጨርስ፣ ማሽኑ በቀሩት ቀናት ሌሎችን ያገለግላል።

ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ዕቅድ የምታወጡ የጤና ኃላፊዎች፣ የካንሰር ክፍል ከሚዘጉት መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ይሁን። ናሙና መውሰድ በምንም ምክንያት አይቁም። ማን መቆየት እንደምትችል በጅምላ መመሪያ ሳይሆን በሐኪሟ ይወሰን። መንገድ መዝጋት ግድ ከሆነም፣ የቀጠሮ ካርድ የያዘች ታማሚ ኬላ ላይ አትመለስ።